ሚኒሞ

የደሴ ክረምት ጧቱን ለጉም ይሰጣል። ከጦሳ ተራራ ትከሻ ተንሸራቶ የሚወርደው ጉም በከተማይቱ ላይ ሲተኛ፣ ሰዉም መኪናውም አስቀድሞ በድምፁ፣ ቆይቶ በመልኩ ይታወቃል። በእንዲህ ያለ አንድ የነሐሴ ሰኞ ጧት፣ በቧንቧ ውሃ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ ጋራዥ ደጃፍ የቆመ አሮጌ ቶዮታ ፒክአፕ እንደ ታማሚ ሰው ይተነፍስ ነበር። ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፤ ወዲያው ቁልቁል ይወርዳል፤ ጠፋ ሲባል እንደገና ይነሣል። በነዳጅ መርገጫው ላይ ያረፈ እግር የለም፤ ማርሹም ባዶ ነው። ሞተሩ ማንም ሳይነካው ብቻውን ይወጣል፣ ብቻውን ይወርዳል።

የጋራዡ ባለቤት፣ አንጋፋው መካኒክ፣ ደጃፉ ላይ ቆመው ያዳምጣሉ። ከአጠገባቸው የፒክአፑ ባለቤት የሙዚቃ መምህር ቆሟል። ከኋላቸው ደግሞ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቃ በጋራዡ ልምድ የምትቀስም አንዲት ወጣት የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሯን ይዛ ትጠብቃለች። ሦስቱም የሚሰሙት አንድ ድምፅ ነው፤ ከድምፁ የሚያነቡት ግን የተለያየ ነው። መምህሩ ስልቱ የጠፋ ዜማ ይሰማል። ወጣቷ ወደ ኮምፒውተሩ የሚደርስ የተሳሳተ መልእክት ትሰማለች። አንጋፋው መካኒክ የሰሙትን ለጊዜው ለማንም አልተናገሩም፤ የሰሙት የገዛ እጃቸውን ሥራ ነበርና።

በጋራዥ ቋንቋ ሞተር ያለ ጭነት፣ ነጂው ነዳጅ ሳይረግጥ፣ ራሱን ብቻ ይዞ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ሚኒሞ ይባላል። ቃሉ የጣሊያን ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው ወረራ አብቅቶ ወራሪው ከአገር ቢወጣም፣ ቋንቋው በመካኒኮች አፍ ላይ አሻራውን ትቷል፤ ካቻቢቴ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካርቡራቶር የሚሉት ስሞች ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። ሚኒሞም ከእነዚሁ አንዱ ነው።

ለተራው መንገደኛ ሚኒሞ ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። መኪና የሚገዛ ሰው ስለ ጉልበቱና ስለ ፍጥነቱ ይጠይቃል፤ ቆሞ ሳለ እንዴት እንደሚተነፍስ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ባለሙያ ግን ሞተርን አጥብቆ የሚመረምረው በዕረፍቱ ሰዓት ነው። ሞተር በኃይል ሲሮጥ የሚስበው አየር ብዙ ስለሆነ፣ በአንዲት የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ሾልኮ የሚገባው አየር ከቁጥር አይገባም። በሚኒሞ ላይ ግን ሞተሩ የሚኖረው በጥቂት አየር ነውና ያችው ስንጥቅ ሚዛኑን ሁሉ ታዛባለች። ሩጫ የሸፈነውን ጉድለት ዕረፍት ይገልጠዋል።

ፒክአፑን የሚያንቀሳቅሰው 22 አር-ኢ የተባለው፣ ቶዮታ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ያመረተው፣ ባለ 2.4 ሊትርና ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። የዚህ ሞተር ታላቅ ወንድም 22 አር በካርቡራቶር ይሠራ ነበር፤ በታናሹ ስም መጨረሻ ላይ የተጨመረችው «ኢ» ነዳጁ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ መሆኑን ታመለክታለች። መምህሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ክራሩንና ማሲንቆውን በዚህ ፒክአፕ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ በዚያም ለታዳጊዎች የባህል ሙዚቃ ያስተምራል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙ ሰው ይበልጥ የሚታሰብበት ጉዳይ ሆኗል፤ መምህሩም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በስሮትሉ ነው። ስሮትል ማለት በቀላሉ የሞተር የአየር በር ነው። ከአሉሚኒየም በተሠራ ጉሮሮ ውስጥ አንዲት ክብ ሳህን በዘንግ ላይ ተሰክታ ትቆማለች። ነጂው ሲረግጥ ከመርገጫው የተነሣው ገመድ ሳህኗን ያዞራታል፤ በሩ ይከፈታል፤ አየር ይገባል። ልማድ ሆኖ ነዳጅ «መርገጥ» ይባል እንጂ ነጂው በእግሩ የሚከፍተው አየርን ነው፤ የገባው አየር ተለክቶ ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነው። በመምህሩ ፒክአፕ ላይ የሳህኗ ዘንግ በዘመን ብዛት ተበልቶ ስለ ነበር በዙሪያው አየር ይሾልክ ጀመር። አዲስ ዕቃ ማግኘት አስቸጋሪ፣ ቢገኝም ዋጋው የማይቀመስ በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከሱማሌ ተራ፣ ከሌላ መኪና የተፈታ አሮጌ ስሮትል ተገዝቶ መጣ።

አንጋፋው መካኒክ ስሮትሉን የገጠሙት ራሳቸው ናቸው። አሮጌውን ፈቱ፤ የሞተሩን ውሃ የሚያመላልሱትን ቱቦዎች ነቅለው መልሰው አጠበቁ፤ አዲስ ጓርኒሲዮን አደረጉ፤ ገመዱን አያያዙ። እስከዚህ ድረስ በሥራቸው ነቀፋ የሚያወጣ አልነበረም። ሞተሩ ሲነሣ ግን ሚኒሞ አልያዘም። ይነሣል፤ ጥቂት ያጉረመርማል፤ ይጠፋል። ደግመው አስነሡት፤ ደግሞ ጠፋ።

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት በስሮትሉ ላይ የሚገኙትን ሦስት ነገሮች ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የማቆሚያው ብሎን ነው። ነጂው እግሩን ሲያነሣ የሳህኗ ክንድ ተመልሶ የሚያርፈው በዚህ ብሎን ጫፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ ብሎኑ በሩ የሚዘጋበትን ወሰን ያመለክታል። ፋብሪካው ለክቶ ያስቀመጠው በመሆኑ ያለ በቂ ምክንያት አይነካም። ሁለተኛው የሚኒሞው ብሎን ነው። በሩ ሲዘጋ ሞተሩ ታፍኖ እንዳይጠፋ በስሮትሉ ጎን አንዲት ቀጭን የአየር መንገድ ተሠርታለች፤ ይህችን መንገድ የሚያሰፋና የሚያጠብብ ብሎን አለ። ሦስተኛው ሴንሰሩ ነው። በዘንጉ ጫፍ በሁለት ብሎኖች ተይዞ ይቀመጥና ሳህኗ የቆመችበትን ሥፍራ ለኮምፒውተሩ ይናገራል።

ኮምፒውተሩ በተሳፋሪው እግር አጠገብ፣ ከጎን ተከልሎ ይቀመጣል። የአየሩን በር በዓይኑ አያየውም። ስለ በሩ የሚያውቀው ሴንሰሩ የነገረውን ብቻ ነው። ወደ ሴንሰሩ 5 ቮልት ይልካል፤ ተመልሶ የሚመጣለት የቮልት መጠን በሩ ምን ያህል እንደ ተከፈተ ይነግረዋል። ከዚህ ሌላ አንዲት አጭር ቃል አለች፤ በሴንሰሩ ውስጥ የምትገናኝና የምትለያይ፣ «ተዘግቷል» ወይም «አልተዘጋም» የምትል። ብዙ ነገር በዚህች ቃል ላይ ይንጠለጠላል። ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ በሩ «ተዘግቷል» ከተባለ ኮምፒውተሩ፣ «ነጂው እግሩን አንሥቶ ቁልቁለት እየወረደ ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ነዳጁንም ይቆርጣል። ፍጥነቱ ዝቅ ሲል መልሶ ይለቅቃል። የመኪናው ሠሪዎች ይህን ያደረጉት ነዳጅ በከንቱ እንዳይባክን ነው።

አንጋፋው መካኒክ ከአርባ ዓመት በላይ በሙያው ቆይተዋል። ያደጉት በካርቡራቶር ዘመን ነው። ካርቡራቶር ላይ ሚኒሞ የሚስተካከለው ያንኑ የማቆሚያ ብሎን በማዞር ነው፤ በሩ ጥቂት ገርበብ ይላል፤ ሞተሩም ይቆማል። ከዚያ የነዳጁን ቅልቅል በሌላ ብሎን እያቃኑ ድምፁ እስኪጠራ ማዳመጥ ብቻ ነው። በዚህ ሥራ ላይ የእሳቸውን ጆሮ የሚያህል በከተማው እንደሌለ ይነገራል። በሩቅ የሚያልፍ ካሚዮን ድምፅ ሰምተው የትኛው ሲሊንደር እንደ ደከመ ይናገራሉ፤ ብዙ ጊዜም አይሳሳቱም።

የዚያን ዕለት ሞተሩ ሚኒሞ አልይዝ ሲል እጃቸው አርባ ዓመት ወደሚያውቀው ብሎን ሄደ። የፋብሪካውን ምልክት ሰብረው አዞሩት። በሩ ገርበብ አለ፤ ሞተሩም ቆመ። ይሁን እንጂ ድምፁ ደስ አላሰኛቸውም። ስለዚህ ሴንሰሩን የያዙትን ሁለት ብሎኖች አላልተው፣ ድምፁ እስኪያምርላቸው ድረስ ወዲያና ወዲህ አዞሩትና አጠበቁት። ሞተሩ ገና በሚገባ አልሞቀም ነበር። ኮፈኑን ዘጉ። «አለቀ» አሉ። መምህሩም ከፍሎ፣ አመስግኖ ሄደ።

ሁለቱ ብሎኖች በዚያች ሰዓት ምን እንዳደረጉ ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በሩን ገርበብ አድርጎ አስቀረው። ሁለተኛው ገርበብ ያለውን በር ሴንሰሩ «ተዘግቷል» እንዲለው አደረገ። አንደኛው ስሕተት ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቶሎ በታወቀ ነበር፤ ሁለተኛው ተጨምሮበት ሁለቱ ተስማሙና እውነት መሰሉ።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ተጓዡ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ መንገዱም ከገደሉ ጋር እየተጠማዘዘ፣ በአንዱ ወገን ዳገት በሌላው ወገን ባዶ አየር እያሳየ ይሄዳል። መምህሩ ቅዳሜ ማለዳ ሦስት ተማሪዎቹን አሳፍሮ፣ መሣሪያዎቹን ጭኖ ተነሣ። ከፊቱ ከባድ መኪና ነበርና በአንድ ጠባብ ኩርባ ላይ ማርሽ ሊቀንስ ፍሪሲዮን ረገጠ። ሞተሩ ከመንኮራኩሩ ተለየ፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ሽቅብ ወጣ፤ ቁልቁል ወረደ፤ አልተመለሰም። ጠፋ።

የመኪና ፍሬን ከእግር ጉልበት ሌላ የሞተሩን እርዳታ ይሻል። ሞተሩ ሲዞር የሚፈጥረው የአየር መሳብ የነጂውን እግር ያግዛል፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የቀረው እርዳታ ለአንድ ወይም ለሁለት ጊዜ ርግጫ ቢበቃ ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ ረገጠ፤ ያዘለት። ሁለተኛ ረገጠ፤ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደነደነ። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ መኪናውን ወደ ዳገቱ ወገን አስጠግቶ፣ በቦዩ ውስጥ አቆመው። ከተማሪዎቹ የተጎዳ አልነበረም። አንድ ክራር ከጭነቱ ወድቆ ቀንበሩ ተሰበረ። መምህሩ ከመኪናው ወርዶ የተሰበረውን ክራር አነሣና ለብዙ ጊዜ በእጁ ይዞ ቆመ።

ሰኞ ጧት ፒክአፑን ወደ ጋራዡ ሲያመጣው አልጮኸም፤ አልወቀሰም። የሆነውን በአጭሩ ተናገረና «ጋሼ፣ እስቲ ይስሙት» አለ። ከላይ የተገለጸው ጉም ለብሶ የነበረው ጧት ይህ ነው።

በሞቀው ሞተር ላይ የተገጠመው የዙር ቆጣሪ መርፌ በደቂቃ ወደ 1,800 ይወጣና ወደ 1,000 ይወርዳል፤ መልሶ ይወጣል። ወጣቷ ምክንያቱን አውቃዋለች። በሩ በእውነት ገርበብ ብሏልና ሞተሩ ይፈጥናል። ሴንሰሩ «ተዘግቷል» ይላልና ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይቆርጣል። ሞተሩ ይወድቃል። ሲወድቅ ነዳጁ ይለቀቃል። ሞተሩ ይነሣል። ሲነሣ እንደገና ይቆረጣል። ኮምፒውተሩ አላበደም፤ አልተበላሸምም። በተነገረው ቃል ላይ ተመሥርቶ ትክክለኛውን ፍርድ ይሰጣል። የተበላሸው የተነገረው ቃል ነው።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መናገር ሌላ ነው። ወጣቷ ያደገችው ታላቅን ፊት ለፊት ማረም እንደ ድፍረት በሚቆጠርበት ቤት ነው። ጋራዡ ውስጥም ሥርዓቱ ይኸው ነበር፤ ታላቁ ይሠራል፣ ታናሹ ቁልፍ ያቀብላል። ብሎኑ ሲዞር በዓይኗ አይታ ነበር። በኮሌጅ የተማረችው ትዝ ብሏት ነበር። ቁልፉን አቀብላ ዝም ብላ ነበር። አሁን ግን በመምህሩ መኪና ጋቢና ውስጥ የተቀመጠው ስብርባሪ ክራር ወደ እሷ የሚያይ መሰላት።

«ጋሼ፣ ቢፈቅዱልኝ ልለካው» አለች።

አንጋፋው መካኒክ ዘወር ብለው አዩአት። «ምኑን?»

«ዜሮውን።»

ለጥቂት ጊዜ ከሞተሩ በስተቀር የተናገረ አልነበረም። በመጨረሻ ሞተሩን አጠፉትና ከመኪናው ፊት ፈቀቅ አሉላት።

ሥራው ከመነሻው ጀመረ። ወጣቷ በመጀመሪያ ስሮትሉን አወረደችና በጎን ያለችውን ቀጭን የአየር መንገድ መረመረች። በዘመን ብዛት በተከማቸ ጥቁር ካርቦን ተደፍናለች። ሞተሩ በመጀመሪያው ዕለት ሚኒሞ ያልያዘው በዚህ ምክንያት ብቻ ነበር። በሽታው የአንድ ሰዓት ጽዳት የሚሻ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ለሌላ አካል ተሰጠ። መንገዷ ጸዳች፤ ሳህኗም በዙሪያዋ ያለው ጥላሸት ተጠረገላት። ቀጥሎ የማቆሚያው ብሎን ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ተመልሶ በሩ በራሱ ኃይል እስኪዘጋ ተለቀቀ፤ ከዚያም ክንዱን ነክቶ ሳህኗ በጉሮሮው ውስጥ እንዳትቀረቀር ብቻ በሚያግዝ መጠን ተመለሰ። እውነተኛው ዜሮ ይህ ነው።

ከዚያ ወደ ሴንሰሩ ተመጣ። ለዚህ ሥራ መለኪያው ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ላይ ውፍረታቸው ተጽፏል። ወጣቷ የ0.70 ሚሊሜትሩን ቅጠል በማቆሚያው ብሎንና በክንዱ መካከል አስገባች። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች የመዘጋቱን ቃል በምታስተላልፈው መስመር ላይ አድርጋ ሴንሰሩን በዝግታ አዞረች፤ የቴስተሩ ንባብ ከመለያየት ወደ መገናኘት በተለወጠበት ሥፍራ ላይ ሁለቱን ብሎኖች አጠበቀች። ቀጥሎ ፈተናው መጣ። በ0.57 ሚሊሜትር ቅጠል ሴንሰሩ «ተዘግቷል» ማለት ይገባዋል፤ በ0.85 ሚሊሜትር ቅጠል ደግሞ «አልተዘጋም» ማለት አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሦስት አሥረኛ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። የመኪናው እውነትና ሐሰት በዚህች ስፋት ውስጥ ይለያሉ። ጆሮ ምንም ያህል ቢሠለጥን ይህችን ስፋት አይሰማትም።

ሴንሰሩ ሁለቱንም ፈተና አለፈ። ስሮትሉ ተገጠመ፤ ሞተሩ ተነሣና እስኪሞቅ ተጠበቀ። የሞቀ ሞተር አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት አለ፤ በስሮትሉ ሥር የተሠራች አንዲት ረዳት በር ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ትርፍ አየር ታስገባለች፣ ውሃው ሲሞቅ ትዘጋለች። እሷ ሳትዘጋ ሚኒሞ የሚያስተካክል ሰው ነገ የማይኖረውን አየር ዛሬ ይቆጥራል። በመመሪያው መሠረት ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ለሁለት ደቂቃ ያህል ከተያዘ በኋላ ወደ ዕረፍቱ ተለቀቀ። ወጣቷ ካቻቢቴዋን ወደ ሚኒሞው ብሎን ወሰደች፤ የተፈቀደው ብሎን እሱ ነውና። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯም በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። የከፍታው፣ የዕድሜው፣ የሞተሩ ጠባይ የሚካካሰው በዚህ ብሎን ነው። መርፌው ወደ 800 ወጣ፣ ወደ 720 ወረደ፣ 750 ላይ ቆመ። ከቆመበትም አልተነቃነቀም።

በመጨረሻ ሁለት የመመርመሪያ ጫፎች በሽቦ ተገናኝተው የእሳቱ ሰዓት በብርሃን ታየ፤ መመሪያው እንደሚጠይቀው 5 ዲግሪ ላይ ነበር። ይህም ምርመራ ቢሆን ሴንሰሩ «ተዘግቷል» የሚለውን ቃል በትክክል ካልተናገረ ዋጋ የለውም፤ ኮምፒውተሩ ለምርመራው የሚገባውን መነሻ አይሰጥምና። አንዱ መነሻ ሲሳሳት ከእሱ በኋላ የሚለካው ሁሉ ይሳሳታል።

አንጋፋው መካኒክ ይህ ሁሉ ሲሆን እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ነበር። ሞተሩ ሲረጋ ወደ መኪናው ጠጋ አሉና ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሩ።

«ቅዳሜ የሆነው በእኔ እጅ ነው» አሉ። «መንካት የሌለብኝን ብሎን ነካሁ። ሴንሰሩን ደግሞ የእኔን ስሕተት እንዲሸፍን አስተካከልሁት። ልጆቹን እግዚአብሔር አተረፈልህ፤ ለእኔም አተረፈልኝ።»

ወጣቷ በዚህ ጊዜ ዝም ልትል አልቻለችም። «እኔም አይቻለሁ፤ አልተናገርሁም» አለች።

«እኔም አልጠየቅሁሽም ልጄ» አሉ። «ከእንግዲህ እጠይቃለሁ፤ አንቺም ሳልጠይቅሽ ተናገሪ።»

በከተማው ውስጥ የተከበሩ፣ ስማቸውን በአርባ ዓመት ላብ ያቆሙ ሰው በደንበኛቸውና በተለማማጃቸው ፊት እንዲህ ሲናገሩ መስማት ቀላል ነገር አይደለም። «አሮጌ ዕቃ ነው፤ ምን ይደረግ?» ቢሉ የሚከራከራቸው አልነበረም። የሱማሌ ተራን ነጋዴ ቢረግሙ ያምኗቸው ነበር። እሳቸው ግን ሞተሩን ወደ ዜሮው ሲመለስ አይተው፣ ራሳቸውንም ወደዚያው መለሱ። የሥራውን ዋጋም አልተቀበሉም፤ ለተሰበረው ክራር ቀንበር የሚሆን ደረቅ ወይራ ከቤታቸው አምጥተው ሰጡ።

መምህሩ በበኩሉ ነገሩን በራሱ ሙያ መረዳቱ አልቀረም። አንዱን ክር ተሳስቶ የወጠረ ተማሪ ሌሎቹን በእሱ ልክ ቢወጥር፣ ክራሩ እርስ በርሱ ሊስማማ ይችላል፤ ብቻውን ሲደመጥም ጆሮ አይጎረብጥም። ከዘፋኙና ከማሲንቆው ጋር ሲገናኝ ግን ጉዱ ይወጣል። ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺ ሆዬ፣ ቅኝት የሚጀምረው ከመነሻው ድምፅ ነው። ተማሪው የተሳሳተውን ክር ለይቶ ማላላት ሲገባው አምስቱን ትክክለኛ ክሮች ያጣምማል፤ አንዱን ማላላት መሳሳቱን ማመን ይመስለዋልና።

በዚህ ላይ ነገሩ ከጋራዥ ይወጣል። መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ ትምህርት ቤትም ቢሆን፣ የራሱ ሴንሰር አለው። ከላይ የተቀመጠ ሰው ከታች ያለውን በር በዓይኑ አያየውም፤ የሚወስነው በሪፖርት ነው። ክፍል ውስጥ ያልገባ ተማሪ «ገብቷል» ተብሎ ሲጻፍ፣ ያልታረሰ ማሳ «ታርሷል» ተብሎ ሲላክ፣ የበላዩ ጥሩ አሳቢ ቢሆን እንኳ ጥሩ አሳብ ማሰቡ አያድነውም፤ ትክክለኛ ፍርዱ በተሳሳተ ቃል ላይ ይወድቃል። ነዳጅ በሚያስፈልግበት ይቆርጣል፤ በማያስፈልግበት ይለቅቃል። ሥራው ሲወጣና ሲወርድ የሚያይ ተመልካችም ኮምፒውተሩን ይወቅሳል። ቃሉን ያጣመመው እጅ ግን ብዙ ጊዜ ክፉ እጅ አይደለም። እንደ አንጋፋው መካኒክ እጅ፣ ቀኑ እንዲያልፍ፣ ድምፁ እንዲያምር፣ ደንበኛው ደስ ብሎት እንዲሄድ የፈለገ እጅ ነው። አደጋው የሚታየው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ከመርገጫው የሚነሣው ገመድ ቀርቷል፤ ሳህኗን የሚያዞራት ኮምፒውተሩ የሚያዘው ትንሽ ሞተር ነው። ስሮትሉ ሲለወጥ ወይም ሲጸዳ በብዙዎቹ ላይ ኮምፒውተሩ የዝግ በሩን ሥፍራ እንደገና እንዲማር ይደረጋል። ካቻቢቴ የሚገባበት ቦታ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ሥራው ግን በመሠረቱ ያው ነው፤ መሣሪያው ዘምኖም ቢሆን ከሁሉ አስቀድሞ «በሩ የተዘጋው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መምህሩ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ አንጋፋው መካኒክ ከጎኑ ተቀምጠው ነበር። እንዲሄዱ የለመናቸው የለም፤ «ልስማው» ብለው ራሳቸው ተነሡ። ወጣቷም ከኋላ ወንበር ላይ አለች። ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ነበር። ያ ኩርባ ሲደርስ መምህሩ ፍሪሲዮን ረገጠ። ሞተሩ ከመንኮራኩሩ ተለየ፤ ድምፁ ወረደ፤ ወረደና በአንድ ሥፍራ ላይ ቆመ። አልወጣም፤ አልጠፋም። እዚያው በዝቅታው፣ ተረጋግቶ፣ ይተነፍስ ጀመር።

አንጋፋው መካኒክ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ጥቂት ቆይተው ወደ ኋላ ሳይዞሩ «ስንት ላይ ነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሰባት መቶ ሃምሳ ላይ የተውነው ነው ጋሼ።»

«አዎ» አሉ። «እሱን ነው የምሰማው።»